የአባቴ ጋቢና የመቃብሩ ወይራ

አባቴ ባረፈበት ክረምት እናቴ መቃብሩ አጠገብ የወይራ ችግኝ ተከለች። ቤተ ክርስቲያኑ ከጭሮ በላይ ዳገቱ ላይ ነው፤ የምንኖረውም እዚያው ሰፈር ነው። ታች ከተማው ሲሞቅ እኛ ጋ ይበርዳል፤ ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ይጥላል። ጥቅምት ሲገባ እናቴ ችግኟን ማታ ማታ የአባቴን ጋቢ ማልበስ፣ ጠዋት ማውለቅ ጀመረች። በዚያ ላይ በየቀኑ ውኃ።

እናቴ ጫት ነጋዴ ናት። በጋ ላይ ዋጋ ሲወደድ ለመድረስ ብሎ ጫቱን ውኃ ያጠጣ ገበሬ ለምለሙን በውርጭ እንደሚያስበላ፣ ውኃ ሳያገኝ ብርዱን ቀስ በቀስ የቀመሰው ግን ቅጠሉ ጠቁሮና ወፍሮ ውርጩን እንደሚያልፍ አሳምራ ታውቃለች።

«ይህን ለደንበኞችሽ ስትናገሪ እሰማሻለሁ» አልኳት።

«ጫቱ ሥር ባሌ አልተኛም» አለችኝ። አበቃ።

ከዚያ ጉልበቷን አመማትና ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። መንገዱ ላይ ባጃጆች የሚቆሙበት ቦታ አለ፤ ሾፌሮቹ አብረውኝ የተማሩ ናቸው።

«ኢንተሎ፣ አንቺ ልጅ፣ ጋቢው ለማነው?»

«ለአባቷ ነዋ» አለ ሌላው። « ብርዱ አላስተኛ ብሏቸዋል።»

«እንግዲያማ ካልሲም ውሰጂላቸው።»

ጋቢውን ብብቴ ሥር ሸጉጬ አለፍኳቸው። ያፈርኩት በእነሱ አይደለም፣ በእናቴ ነው። ሰው ሁሉ «የዚያች ነካ ያደረጋት ሴትዮ ልጅ» እያለ የሚያየኝ መሰለኝ። በማግስቱ ጋቢውን ፌስታል ውስጥ ደበቅኩት። ቀጥሎ ጭራሽ መቃብሩ ጋ መሄዱን ተውኩ። ማታ ፌስታሉን ጓደኛዬ ቤት አኖራለሁ፣ ውኃውን መንገድ ላይ እደፋለሁ፣ ጠዋት ጋቢውን ይዤ እመለሳለሁ። እናቴ «አለበስሻት?» ስትለኝ «አዎ» ነው መልሴ።

ታኅሣሥ ላይ ውርጩ መጣ። አንድ ጠዋት ስንነሳ ሳሩ ነጭ ሆኗል። የጎረቤታችን ውኃ የጠገበ ጫት እንደተቀቀለ ጎመን ጠቁሮ ተንጠልጥሏል። ለእናቴ ምን እንደምላት እያሰብኩ ወደ መቃብሩ ሮጥኩ።

ወይራዋ ቆማለች። የክረምቱ ለስላሳ ቅጠሏ ጠቁሮ፣ ጠንክሮ፣ ሲይዙት የሚቆረቁር ሆኗል።

እናቴ በዱላ እያነከሰች ከኋላዬ ደረሰች። አንዱን ቅጠል ዳበሰች።

«ጋቢው ነው ያዳናት» አልኩ። እንደዚያ ለማለት እንኳ አፍ ነበረኝ።

«ጋቢው ውጭ ቢያድር ጤዛ ይዞ ይመጣ ነበር። አንድም ቀን እርጥብ ሆኖ አላገኘሁትም።»

«ታዲያ ለምን ትልኪኝ ነበር?»

«ወይራዋ ብርዱን እንድትለምድ ነዋ። እኔ ራቁቷን ትቻት ልመለስ ብል እጄ እምቢ አለኝ። አንቺ ግን እንደምታፍሪ፣ አፍረሽም እንደማታለብሻት አውቅ ነበር።»

ሳትቆጣ ነው ያለችው። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ስንመለስ በባጃጆቹ ፊት ክንዷን ይዤ አለፍን። ሾፌሮቹ «እማማ፣ እንዴት አደሩ?» ብለው ተነሱላት። ቀና ብዬ ማየት ያቃተኝ እኔ ነኝ።