ዘንድሮ ምን ሸፈነን?

አመሻሹ ላይ የቴሌቪዥኑ የአየር ትንበያ ሲጀምር፣ ሳተላይት ያነሳው የደመና ምስል ወጣ። ዓይኔ ወደ ሰሜን ሄዶ ያደግኩበት ዋግ ላይ አረፈ።

በደርግ ጊዜ ሰቆጣ ተማሪ ሳለሁ፣ ሰኔ እያለቀ ሰማዩ አልጠቁር ያለበት ዓመት ነበር። አንድ ቀን የሳይንስ መምህራችን፣ ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር ባለበት የቆመ የሚመስል ሳተላይት እንዳለ ነገሩን። ቤት ስደርስ አያቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው የመጨረሻዋን የገብስ ዘር በእጃቸው ያገላብጣሉ። ነፋሱ የሞተ ከብት ሽታ ይዞ ይመጣል።

«አባባ፣ ደመና የሚጠብቅ መሣሪያ ሰማይ ላይ ቆሟል አሉ» አልኳቸው።

«ዝናብ ያመጣል?»

«አያመጣም። ያየውን አንስቶ ለሩቅ አገር ሰዎች ይልካል።»

«እኛንስ ያየናል?»

«ምድሩ የሚሰወርበት ደመና ሲሸፍነው ነው ብለዋል።»

አያቴ ጥርት ያለውን ሰማይ ቀና ብለው አዩና፣ «ታዲያ ልጄ፣ ዘንድሮ ምን ሸፈነን?» አሉኝ።

ከዚያም ዘሩን ለእናቴ አቀበሏትና «ቁዪው» አሏት። ዘር ከተቆላ የሚዘራ እንደማይኖር እናቴ ታውቃለችና፣ እያለቀሰች ቆላችው።

በማግስቱ ቆሎውን ቋጥረን፣ የእርዳታ እህል ይታደልበታል ወደተባለው ኮረም መንገድ ጀመርን። «እኔን እግሬ አያደርሰኝም፤ እናንተ ሂዱ» ብለው አያቴ ቀሩ። ዞር ስል በትራቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር።

እናቴ ስለዚያ ቀን አታነሳም፤ እኔም አልጠይቃትም። ከዚያ ወዲያ አያቴን ያየ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም።