ጾመኛው ውሻ

የአጎቴ ውሻ ይጾማል የሚለው ወሬ መሐል ሜዳ ከተማ የደረሰኝ በሁዳዴ አጋማሽ ነው። ያመጣው ከግሼ በግ ሊሸጥ የመጣ የአገሬ ሰው ነበር። "ጠዋት ቂጣ ቢጥሉለት ዞር ብሎ አያየውም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ቅዳሴ ሲወጣ፣ ያኔ ብቻ ይቀምሳል" አለኝ፣ ስለ መነኩሴ እንደሚያወራ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እኔ በዚያን ጊዜ በወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ረዳት ነበርኩ። ሣቄን ለመደበቅ ወደ መድኃኒት መደርደሪያው ዞርኩ። ሰውየው ከዚያ የአጎቴ ባለቤት የላኩብኝን መልእክት ነገረኝ፦ "ነይና እዪልኝ፣ መብላት ትተዋል ብለውሻል።"

ትተዋል አለ፤ ትቷል አላለም። ውሻው ከጾሙ ብዛት አንቱ መባል ጀምሯል ማለት ነው። ይህን ለባልደረቦቼ ነግሬ ቀኑን ሙሉ ስንሥቅ ዋልን።

ዘመኑ የሞዴል ዘመን ነበር። ሞዴል ገበሬ፣ ሞዴል ቤተሰብ፣ ሞዴል ቀበሌ ይመረጣል፤ የተመረጠው ስብሰባ ላይ ወጥቶ ይጨበጨብለታል። አጎቴ በእርከንም ሆነ በማዳበሪያ ተመርጠው አያውቁም። አሁን ግን በአካባቢው የሌለ ውሻ አገኙ። የቀበሌው ሊቀመንበር እንግዳ በመጣ ቁጥር እየመራ ወደ ግቢያቸው ይወስድ ጀመር። ውሻ ይጾማል የሚል ነገር የትም እንዳልተጻፈ የሚያውቁት ቄሶች እንኳ ዝም አሉ። የአጎቴ ቤት ጠላ ጥሩ ነበር።

የክሊኒካችን ኃላፊ ውሻን የሚያውቀው ሲያብድ ብቻ ነው። "ለውሻ ብለሽ ነው ፈቃድ የምትጠይቂው?" ብሎ ተገረመ። ለዘመድ ጥየቃ ነው አልኩና ጥቂት መድኃኒትና ጉጠት በቦርሳዬ ይዤ ሄድኩ።

አጎቴ የበግ ጠጉር ባናቸውን ተከናንበው በር ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ከስተዋል። በልጅነታቸው ድቁና ተቀብለው፣ ትምህርቱን ከመንገድ ትተው የተመለሱ ሰው ናቸው፤ ከዚያ የቀራቸው ጥቂት ግእዝና ብዙ ኩራት ነው። ቆሎ ከተዉ ዓመት አልፏቸዋል፤ ቆሎ ተድላ ነው፣ ሥጋን ያደላድላል ይላሉ። ቂጣቸውንም ውኃ ውስጥ ነክረው ነው የሚበሉት። ሰፈሩ ለዚህም ያደንቃቸዋል። በግሼ ብርድ፣ የገብስ ቆሎ የሚንቅ ሰው ወይ ቅዱስ ነው ወይ ግብዝ፤ እኔ የትኛው እንደሆኑ ጥርጥር አልነበረኝም።

"መጣሽ? ተመልከቺ እንግዲህ፤ እንስሳ እንኳ ፈጣሪውን ያውቃል" አሉኝና ደረቅ የገብስ ቂጣ ወረወሩለት።

ውሻው ጅራቱን እየቆላ መጣ። ቂጣውን አነሣ፤ አንገቱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ በአንዱ መንጋጋ ሊነክሰው ሞከረ። ከዚያ ጣለው፤ በፊት እግሩ አፉን እየጠራረገ ሄዶ ከአጥሩ ሥር ተኛ።

"አየሽ? ተወው" አሉ አጎቴ።

አየሁ። የሚጾም ፍጡር አንሥቶ አይጥልም። ቂጣውን ሳነሣው ደም የቀላቀለ ለሃጭ ተለጥፎበታል፤ ሽታውም አያስጠጋም። ስለ ዘጠኝ ሰዓቱ ተአምር ባለቤታቸውን፣ እትዬን፣ ጠየቅኳቸው። በዘጠኝ ሰዓት ቤተሰቡ ሲበላ የተረፈው ፍትፍት በሽሮ እንደራሰ ይደፋለታል፣ እሱን ይልሳል አሉኝ። ተአምሩ ይኸው ነው። ጠዋት ደረቅ፣ ከሰዓት በኋላ ለስላሳ። ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም ነበር፤ አንድ ቀን ጠዋት ፍትፍት መስጠት ይበቃ ነበር። ያን ያህል ሰው ሲመላለስ አንዱም አልሞከረውም።

"የሞተ በግ ሳንባ ቢጥሉለትም አልነካ" አሉኝ እትዬ። አጎቴ ዞር ሲሉ ደግሞ ጠጋ ብለው፣ "ይኸ ውሻ ከሞተ በረቱ ባዶ ነው። ሰሞኑን ጅብ ከጎረቤት ሁለት በግ ወስዷል። ከነዚህ በጎች ሌላ ምን አለን?" አሉ። የውሻው ጎድን ይቆጠር ነበር። በዚህ አያያዙ ፋሲካን እንደማይደርስ ለማንም ግልጽ ነው፤ ለሚያደንቁት ሰዎች ካልሆነ በቀር።

ማስታገሻ ወግቼው በአሮጌ ባና ጠቀለልነው። ጨርቅ የተጠቀለለበት እንጨት በአፉ አጋደምንና እትዬ ጭንቅላቱን ያዙ። አጎቴ አልቀረቡም፤ የውሻ አፍ ያረክሳል ብለው ፊታቸውን አዙረው ዳዊታቸውን ያዙ። ከንፈሩን ስገልጠው ጥርሶቹ ላይ የተጋገረው ቡናማ ነገር የጠላ ጋን ውስጥ የሚቀረውን ዝቃጭ ይመስል ነበር። ድዱ አብጦ ቀልቷል፤ ጫን ሳደርገው መግል ወጣ። ሁለት የመንጋጋ ጥርሶች በጣቴ ሲነኩ ይወዛወዛሉ። ነቀልኳቸው፤ የተጋገረውንም የቻልኩትን ያህል ፋቅኩ።

እትዬ ዐይናቸውን ከእጄ ላይ አልነቀሉም። "ድድ ነው አልሽኝ? ጥርስ አይደለም?"

"ድዱ ነው ቀድሞ የሚታመመው" አልኳቸው። "ጤነኛ ድድ ጥርሱን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል፤ ቀለሙም ፈዘዝ ያለ ቀይ ነው። ድዱ ጥቁር የሆነ ውሻም አለ፤ ያ ተፈጥሮው ነው፣ አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው በጥርሱ ሥር እንደ ክር የተሰመረ ደማቅ ቀይ ሲያዩ ነው። ከዚያ ያብጣል፣ ሲነካ ይደማል፣ አፉ ይሸታል። ከዚያ ደረቅ ነገር ይፈራል፣ በአንድ ጎን ያኝካል። በመጨረሻ ድዱ ይሸሽና ጥርሱ ይላላል።"

"ታዲያ ቀድሞ ምን ይደረጋል?"

"ከቡችላነቱ ጀምሮ ከንፈሩን ገለጥ እያደረጉ ማየት። ንጹሕ ጨርቅ ጣት ላይ ጠቅልሎ ጥርሱንና የድዱን ጠርዝ በየቀኑ ማሸት። ሁልጊዜ ለስላሳ ነገር ብቻ አለመስጠት፤ ጠፍር ቢያኝክ ጥርሱን ይጠርግለታል። የተቀቀለ አጥንት ግን ይሰነጠቅና ድዱን ይወጋዋል። የሰው የጥርስ ሳሙና አይቀቡት፤ ይውጠዋል። ለአሁኑ አፍልተው ባበረዱት ውኃ ላይ ጨው ጣል ያድርጉና በዚያ ቁስሉን ጠረግ ጠረግ ያድርጉለት።"

"ጨው አልሽ። አፍልቶ" አሉ እትዬ፣ እንደ ዳዊት እየደገሙት። ይህን ያህል ለውሻ የሚጨነቅ ሰው በዚያ አገር አይቼ አላውቅም። አዘንኩላቸው፤ ከዚያ ሁሉ ቂል መካከል የምንግባባው እኛ ሁለታችን ብቻ ነን ብዬ አሰብኩ። ስሄድ እጄን ይዘው ብዙ ቆሙ፤ አንድ ነገር ሊሉ ፈልገው አጎቴን አዩና ተዉት።

ለፋሲካ ፈቃድ ወስጄ የተመለስኩት በሕማማት ሳምንት፣ ረቡዕ ነው። ሊቀመንበሩ ከወረዳ የመጡ ሁለት እንግዶች ይዞ ግቢው ውስጥ ቆሟል። አጎቴ ነጠላቸውን አስተካክለው ስለ ውሻው መንፈሳዊነት እያስረዱ ነው፤ ከበፊቱም ብሰው ከስተዋል። ይህን ጊዜ ውሻው በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ አለ። ወፍሯል፣ ፀጉሩም ያበራል። ገደል የገባች በግ አግኝቶ ኖሮ ሙሉ ታፋዋን እየጎተተ ነበር። መጣ፣ መጣና አጎቴ እግር ሥር ተጋደመ፤ አጥንቱን ሲቀረጥፈው ድምፁ ደጀ ሰላሙ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ሊቀመንበሩ ሰማይ ሰማይ አየ። ከእንግዶቹ አንዱ፣ "ይኸ ነው?" ብሎ ጠየቀ። በሕይወቴ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሰዎቹ ሲሄዱ አጎቴ ወደ እኔ ዞሩ። "ውሻዬን አስገደፍሽው" አሉኝ።

"ፈውሼልዎታለሁ ጋሼ። ድዱ ታሞ ነው እንጂ ጾሞ አያውቅም።"

"አስገደፍሽው" አሉና ገቡ። ሰፈሩም ከዚያ ወዲያ ያንን ውሻ በድንጋይ ነው የሚቀበለው። ሊሞት ሲል የተሳለሙት ሰዎች ሲድን ከሐዲ አሉት። በየሌሊቱ ግን በረቱን የሚጠብቀው እሱ ነበር፤ ጅብም ዝር አላለም።

የፋሲካ ዕለት ዶሮው ተበልቶ፣ የበግ ሥጋ ተጠብሶ ቀረበ። አጎቴ ከሕማማት ረቡዕ ጀምሮ አላናገሩኝም። ከሥጋው አንድ ጉራሽ አነሡ፤ ወደ አፋቸው አስገብተው አንገታቸውን ወደ አንድ ጎን አዘነበሉ። ቆዩ። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ከለል አድርገው አወጡትና ከመደቡ ሥር ለተኛው ውሻ ጣሉለት። ውሻው ሳያኝክ ዋጠው።

የያዝኩት እንጀራ እጄ ላይ ቀረ።

አጎቴ የፋሲካ እንግዶቹ እስኪወጡ ጠበቁ። ከዚያ ወደ እኔ ሳያዩ፣ "ያ የጨው ውኃ" አሉ፣ "ለሰውስ ይሆናል?"

"አፍዎን ይክፈቱ ጋሼ።"

በሩን አዩ፤ ማንም የለም። ከፈቱ። በባትሪ አየሁት፤ ያንኑ ቀይ፣ ያንኑ እብጠት፣ ያንኑ ሽታ። የታችኞቹ ጥርሶች ይወዛወዛሉ። ቆሎውም ተድላ ሆኖ አይደለም የተተወው፣ ቂጣውም ለነፍስ ተብሎ አይደለም የሚነከረው። ነገ በመጀመሪያው መኪና ደብረ ብርሃን ጥርስ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን አልኳቸው፤ እንደ ልጅ ራሳቸውን ነቀነቁ።

እትዬ ከጓዳ ወጡ። በአንድ እጃቸው ለብ ያለ ውኃ በጣሳ፣ በሌላው ታጥቦ የደረቀ ነጭ ጨርቅ ይዘዋል። አፍልተው አብርደውታል፤ ጨውም ጣል አድርገውበታል።

"እትዬ፣ እንዲህ መሆናቸውን ለምን አልነገሩኝም?" አልኳቸው።

ጣሳውን አጎቴ ፊት አስቀመጡ። "ልኬብሽ ነበር እኮ ልጄ" አሉ። "መብላት ትተዋል ብዬ።"