የጂኒዎቹ ንግሥት ማናት?

የያዙኝ እያስተማርኩ ነው። ሰሌዳው ላይ የጀመርኩትን ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ ሁለት ሰዎች በሩ ላይ ቆሙና «መምህርት፣ ለአንድ አፍታ ትፈለጊያለሽ» አሉኝ። አፍታው አራት ወር ሆነ።

ሐረር የመጣሁት እንግሊዝኛ ላስተምር ተመድቤ ነው። ጥፋቴ አንድ አጭር ልብወለድ ነበር። መነሻው የስኮትላንድ የጥንት የሕዝብ ዘፈን ነው፤ የጂኒዎች ንግሥት አንድ ወጣት ትወስዳለች፤ ወጣቱን የምትወደው ልጃገረድ ጂኒዎቹ በሚያልፉበት መንገድ አድፍጣ ከፈረሱ ላይ ጎትታ ታወርደዋለች። ጂኒዎቹ እቅፏ ውስጥ እባብ ያደርጉታል፣ አውሬ ያደርጉታል፣ የጋለ ብረት ያደርጉታል። አትለቀውም። እኔ ታሪኩን ወደ ጀጎል ግንብ፣ ወደ ኤረር በር አመጣሁት፤ ልጅቷንም የሐረር ልጅ አድርጌ በትምህርት ቤቱ መጽሔት ላይ አወጣሁት። በዚያ ሰሞን ወጣቶች ይታፈሱ ስለነበር የገባው ገባው።

የታሰርኩባት ክፍል ጠባብ ነበረች፤ ሽንት የጠጣ ሲሚንቶ ትሸታለች። ውስጧ የነበሩት አንዲት እናት ብቻ ናቸው፤ ጀጎል ውስጥ ስፌት እየሰፉ የሚኖሩ። ቀኝ እጃቸው በሻሽ ተጠቅልሏል።

«እጅዎን ምን ሆነው ነው፣ እማማ?»

«ልጄን ሊወስዱት መጡ። ወገቡን ይዤ አልለቅም ስል አንዱ በጫማው ረገጠኝ።»

ሁለት ጣታቸው ተሰብሯል።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ለቀቅሁት። ወላሂ፣ ከጣቴ ይልቅ የሚያመኝ መልቀቄ ነው።»

ያስያዘኝን ታሪክ ነገርኳቸው። ሰሙኝና «የወሰዱትንስ ሰዎች ምን አደረገቻቸው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ምንም። ልጁን አስጣለች፤ ዘፈኑ እዚያ ላይ ያበቃል።»

«እንግዲያ አላለቀም» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው ዘንድ ወሰዱኝ። ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለ፤ ጣቱ ላይ ትልቅ የብር ቀለበት። መጽሔቱን ዘርግቶ ብርቱካን ይልጣል።

«የጂኒዎቹ ንግሥት ማናት?»

«ተረት ናት።»

«ስኮትላንድ ውስጥ ማንን ታውቂያለሽ?»

«ዘፈኑን የሠሩት ከሞቱ ብዙ መቶ ዓመት ሆኗቸዋል።»

ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋልኝ። «መጨረሻውን ቀይሪው። ልጅቷ ትልቀቀው። ከዚያ ፈርመሽ ዛሬውኑ ቤትሽ ትገቢያለሽ።»

ቤቴን አሰብኩ። አልዋሽም፣ እስክሪብቶውን ያነሳሁት ልታዘዝ ነበር። ግን ያ የተጠቀለለ እጅ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ልጅቷ አልለቀቀችም ብዬ ጻፍኩ። ልጁን ካስጣለች በኋላ ከጂኒዎቹ መካከል ግራ ቅንድቡ የተሰነጠቀውን፣ የብር ቀለበት ያጠለቀውን፣ ብርቱካን ብርቱካን የሚሸተውን ለይታ ረገመችው፤ ያንኳኳው በር ሁሉ እንዳይከፈትለት፣ የገዛ እናቱም ድምፁን እንዳትለየው።

አነበበና እጁ ሳያስበው ወደ ቅንድቡ ሄደ።

«ይሄ ማነው?»

«ጂኒ ነው።»

«እስቲ ጮክ ብለሽ አንብቢው።» የምፈራ መስሎት ነው። ተነስቼ ክፍል ውስጥ እንደማነብበው አነበብኩት፤ ቃል ሳልውጥ፣ ዓይኔን ከፊቱ ሳልነቅል። በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ አንገቱን ደፋ።

ወረቀቱን ቀደደው። ቤቴ ግን ሳልገባ ቀረሁ። ክፍላችን ስመለስ ለእማማ ነገርኳቸው። እርግማኑን ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ፤ በሦስተኛው ሳቁ።

እሳቸው ከእኔ በፊት ተፈቱ፤ ልጃቸውም ቆይቶ ከተወሰደበት ወጣ። ታሪኩን ከነእርግማኑ በመጽሐፍ ሳሳትም ወዳጆቼ ጠባሳውን አውጪው፣ ይቅር ማለት ለራስ ነው አሉኝ። አላወጣሁትም። ጥላቻ ሰውን ይበላል ሲሉ እሰማለሁ፤ እኔን እስካሁን አቁሞኛል።

ባለፈው ዓመት አቦከር ሰፈር አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ከመርማሪው ጋር ተገጣጠምን። አርጅቷል። ወረፋውን ትቶ ወደ እኔ ተጠጋ።

«መምህርት፣ ትእዛዝ ነበር» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት። «እኔም ታዝዤ ነበር፤ ልጅቷ ግን አልለቀቀችም።»