ለእግር የተቆፈረ ጉድጓድ

የደጀን እንጀራ እግሩ ነው። በወረዳችን በዳሪሙ ቀፎ ሰቅሎ ልጅ የሚያሳድግ ሞልቷል፤ እንደሱ ዛፍ የሚወጣ ግን አላየሁም። እሱ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ ገመድ ይለቃል፣ እኔ መሀመድ ሰዒድ ከታች ቀፎውን አስሬ እልክለታለሁ። ትንሽ ከዘገየሁ ከላይ ሆኖ ስድቡን ያወርድብኛል። ወላጆቻችን ከወሎ በሰፈራ አብረው መጡ፣ እኛ እዚሁ ተወለድን። እሱ ክርስቲያን፣ እኔ እስላም፤ ወንድሜ ነው ብል ግን ማንም አይስቅብኝም።

ባለፈው ክረምት እግሩን እሾህ ወጋው። እሾህ ምን አላት ብሎ በጨርቅ ጠቅልሎ ሥራውን ቀጠለ። ምን ያድርግ? ሦስት ልጆች አሉት፣ ትንሿ ገና ጡት አልጣለችም። ስኳር እንዳለበት ደግሞ ማን ያውቃል! እግሩ ጠቁሮ መሽተት ሲጀምር በቃሬዛ ተሸክመን መኪና መንገድ አደረስነውና መቱ ሆስፒታል ተኛ። ሐኪሙ አልደበቀንም፤ ከጉልበት በታች መቆረጥ አለበት፣ ከዘገየ መርዙ ደሙ ውስጥ ገብቶ ይገድለዋል አለ።

ደጀን «ለልጆቼ ስል ይቆረጥ» አለ። ትኩሳቱ በረድ እስኪል ተብሎ፣ ፈርሞ እንዲቆረጥ ለማግስቱ ተቀጠረ።

እኛ ዘንድ የተቆረጠ አካል አይጣልም። ገላ ነው፣ አፈር ይገባዋል፤ ቤተሰቡ ይዞት ሄዶ፣ ክርስቲያን ከሆነ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ይቀብረዋል። ስለዚህ ለአባቱ ለጋሼ ሸዋንግዛው ደወልኩ። ጉድጓድ ግን የሚቀበረው ሳይደርስ አይቆፈርም። ባዶውን ካደረ ሰው ይጠራል ይባላል። ሽማግሌው ይህን ከኔ በላይ ያውቃሉ። ቢሆንም ዶማቸውን ይዘው የዚያኑ ቀን ሄዱ።

ማታውን የደጀን ትልቋ ልጅ እሌኒ በኔ ስልክ ደወለች። «አባዬ፣ አያቴ ጉድጓድህን ቆፍሮ ጨረሰ። ውስጡ ሲቆም አናቱ እንኳ አይታይም» አለችው። ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች።

ስልኩን መለሰልኝ። «አልፈርምም» አለ።

«ለምን?»

«መሀመድ፣ ለእግር ያን ያህል ይቆፈራል?»

«ጅብ እንዳያወጣው ነዋ።»

«አባቴ ያለ ነገር አፈር አይቆፍርም» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በማግስቱ ነርሷ ጊፍቲ በኦሮምኛም በአማርኛም ለመነችው። ሚስቱ መሰረት ልጇን እንዳዘለች እግሩ ሥር ወድቃ አለቀሰች። ወይ ፍንክች! ጥቁሩ ወደ ጉልበቱ እየወጣ ነበር። ፈራሁ፤ ስፈራ ደግሞ ምላሴን አልይዝም። ለሽማግሌው ደውዬ «እርስዎ ቆፍረዋል፣ እርስዎ ይምጡና ያስፈርሙት» ብዬ ጆሯቸው ላይ ዘጋሁባቸው።

በመጀመሪያው ሚኒባስ መጡ። ጭቃቸውን እንኳ ሳያራግፉ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ጉድጓዱ የኔ ነው» አሉት። «አርጅቻለሁ። አንዴ ዶማ ካነሳሁ ብዬ የራሴንም አብሬ ጨረስኩት። እግርህ ቀድሞ ይግባ፤ እኔ ስመጣ ብቻዬን አልሆንም።»

ደጀን አባቱን ትክ ብሎ አያቸው። ሆስፒታል ከገባ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «መቃብርም ልትጋራኝ ነው?» አለና ፈረመ። ወዲያው ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ወሰዱት። መሰረት የሽማግሌውን ጉልበት ሳመች።

እኛ ሦስታችን ውጭ በሩ ፊት አግዳሚው ላይ ቀረን። መሰረት ዳር ይዛ ሕፃኗን ታጠባለች። እኔ አፍሬ ነበር።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። «እኔኮ ለሱ የቆፈሩለት መስሎኝ ነው።»

ዓይናቸውን ከበሩ ላይ አላነሱም። «ለሱ ነው የቆፈርኩት» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«መጀመሪያ ስትደውል ድምፅህን ሰማሁት፤ የሚተርፍ አልመሰለኝም። ሌላ ሰው እንዲቆፍርለት አልፈለግሁም። አባቱ ነኝ። አሁን ደግሞ ዋሽቼ አስገባሁት።»

መሰረት ቀና አለች። «ምን ይላሉ?» አለችኝ።

«ይተርፋል ነው የሚሉት» አልኳት። በሩ ገና አልተከፈተም ነበር።