ጠበቃ ከመቅጠራችን በፊት

አባቴ ስትሮክ መቶት ለንደን ዊልስደን ከሚገኝ የአረጋውያን መንከባከቢያ ከገባ ዓመት አልፎት ነበር። እሱ ሚኒካብ የሚሉትን ታክሲ ነድቶ፣ እናቴ ሂትሮው ኤርፖርት ለአውሮፕላን የሚጫን ምግብ የሚዘጋጅበት ኩሽና ሠርታ ያጠራቀሙት ገንዘብ በየወሩ ለዚያ ቤት ይከፈላል። ማናችንም አላጉረመረምንም። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ሠራተኞቹ ይወዱታል፤ እሱም ከቀሩት ጥቂት ቃላት አብዛኞቹን የሚያወጣቸው ለቀልድ ነበር።

አንድ ቀን እዚያ የምትሠራ ነርስ ኮሪደር ላይ አስቆመችኝና ለምን እንደምንከፍል ጠየቀችኝ። እንደ አባቴ በቱቦ የሚመገብና የሚጥል በሽታ የሚነሳበት ሰው ዋናው ችግሩ ሕመሙ ነው ከተባለ፣ ወጪውን የመንግሥት ጤና አገልግሎት እንደሚሸፍን ነገረችኝ። እንዴት እንዳልተገመገመ ገርሟት ነበር።

ተገምግሟል ለካ። እኔና ወንድሜ ሥራ ላይ በነበርንበት ቀን ገምጋሚዎቹ መጥተው ያገኙት እናቴን ብቻ ነው። እናቴ ከጤና ቢሮ ሰዎች ይመጣሉ ሲሏት በጠዋት ሄዳ ጢሙን ላጨችው፣ ለሠርጌ የገዛውን ሱፍ አለበሰችው፣ ክራቫት አሰረችለትና መስኮቱ አጠገብ አስቀመጠችው። ከዚያ ለተጠየቀችው ሁሉ መልሷ አንድ ነበር፦ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ይተኛል? በደንብ። ይመገባል? በደንብ። ያመዋል? ኧረ ምንም። ሰዎቹም ወጪውን መንግሥት አይሸፍንም ብለው ወሰኑ። እሷ ግን ውሳኔውን እንደ ምሥራች ነበር የቆጠረችው። "አባታችሁን በጣም ደህና ነው አሉት" ብላ ደስ እያላት ነው የነገረችን።

ወንድሜ እዚሁ ለንደን ተወልዶ ያደገ ስለሆነ ነገሩን በእንግሊዝኛ አስቦ በአማርኛ ነው የሚያወራው። ወዲያው ሶሊሲተር፣ ጠበቃ ማለቱ ነው፣ እንያዝ አለ። ካልተሳካ ምንም አንከፍልም፣ ከተሳካ ከሚመለሰው ላይ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ለእኔ ደግሞ አባቴ መሪ ጨብጦ ያገኘውን ለሌላ ሰው ማካፈሉ አልዋጥልሽ አለኝ፤ ብቻችንን እንሞክር ለማለት ግን ድፍረቱ አልነበረኝም። እናቴ ሁለታችንንም ተቆጣችን። በስደት ስንመጣ የተቀበለንን አገር ልንከስ ነው ወይ ብላ ቀኑን ሙሉ ዘጋችን።

በመጨረሻ ለመጠየቅ ያህል ብለን ኬንቲሽ ታውን አንዲት ሶሊሲተር ዘንድ ቀጠሮ ያዝን። እናቴም አገር እንዳንከስ ልትጠብቀን አብራን መጣች። ሴትዮዋ በዕድሜ ጠና ያለች፣ ረጋ ያለች ናት። የወንድሜን ረጅም ማብራሪያ እስከ መጨረሻው አዳመጠችና ወደ እናቴ ዞራ ባለቤትዎ እንዴት ናቸው አለቻት።

"በጣም ደህና ነው፣ አመሰግናለሁ" አለች እናቴ።

ሶሊሲተሯ መነጽሯን አውልቃ ሳቀች። እኛም ሳቅን። እናቴ ምን እንዳሳቀን ሳይገባት አብራን ሳቀች።

ከዚያ ሴትዮዋ እቅጩን ነገረችን። ሥራውን ብትይዝ ደስ ይላታል፤ ግን እኛን የጣለን ሕጉ አይደለም። "እናታችሁ እውነቱን እንዲናገሩ ማድረግ የምትችሉት እናንተ ናችሁ" አለችን። ጊዜው ሳያልፍ ውሳኔው እንደገና ይታይልን ብለን ራሳችን እንድንጠይቅና እንደገና እንቢ ካሉን እንድንመለስ መከረችን። ለእናቴም ማንም እንደማይከሰስ፣ እባካችሁ ደግማችሁ እዩልን ማለት ብቻ እንደሆነ አስረዳቻት። እናቴ ወንበሯ ላይ ዘና ስትል አየኋት።

አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ወንድሜ ሥራ የሚመልስ ሶሊሲተር አይቼ አላውቅም እያለ አጉረመረመ። ቢሆንም አውቶቡሱ ሳይመጣ ተስማማን፤ መጀመሪያ ራሳችን እንሞክራለን።

ልምምዱ ከባድ ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኔ ገምጋሚ እሆንና እጠይቃታለሁ። ይጥለዋል ወይ? ይጥለዋል፣ ግን ቶሎ ይነቃል። ያንቀዋል ወይ? ማን የማያንቀው አለ። ወንድሜ ትዕግሥቱ አልቆ ከክፍሉ ሲወጣ፣ ባሌን በሰው ፊት ማማት ነው የምታስተምሩኝ ብላ ታኮርፋለች።

ነገሩን የፈታው አባቴ ነው። አንድ ቀን ሦስታችንም አልጋው ዙሪያ ተቀምጠን ሳለ እናቴ ከሰሰችን። "ስላንተ ክፉ ክፉውን ተናገሪ ይሉኛል" አለችው። አባቴ ቃሉን ፈልጎ እስኪያገኝ ጠበቅነው።

"ንገሪያቸው" አላት። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ "ሁሉንም ግን አይደለም" አለ።

እናቴ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ለሁለተኛው ግምገማ ከገምጋሚዎቹ ጋር እዚያው መንከባከቢያው ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ተሰበሰብን። እናቴ እንደ ልማዷ ደህና ነው ብላ ጀመረች። ከዚያ ቦርሳዋን ከጭኗ አንስታ መሬት ላይ አስቀመጠችና በዚያ ከኤርፖርት ኩሽና በለቀመችው እንግሊዝኛ መናገር ጀመረች፤ ሲያቅታት እኔ አስተረጉማለሁ። የገዛ ምራቁ እንዴት እንደሚያንቀው ነገረቻቸው። ሲጥለው ጭንቅላቱን እንዴት እንደምትይዝለት፣ ሲያመው መናገር ስለማይችል ከእግሩ ጣቶች መኮማተር እንደምታውቅ፣ ማታ ቤቷ ሆና ስልክ በጮኸ ቁጥር እንደምትደነግጥ ነገረቻቸው። ግማሹን እኔም አልሰማሁት ነበር። ወንድሜ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሯል። ስትጨርስ እጇን አንስታ አንድ ነገር ጨመረች።

"ሰውዬው ግን ጨዋ ነው። እሱንም ጻፉልኝ።"

ገምጋሚዋ ጻፈችላት።

ከወራት በኋላ መልሱ ለወንድሜ በስልክ መጣ። ከመጀመሪያው ግምገማ ወዲህ የከፈልነው እንደሚመለስ፣ ከዚያ በኋላ ያለውንም መንግሥት እንደሚሸፍነው ነገሩን። ወንድሜ ስልኩን ዘግቶ በሥራ ቦታው ደረጃ ላይ ብቻውን እንደጨፈረ አጫውቶኛል። እኔ ለሶሊሲተሯ ደውዬ አመሰገንኳት፤ ላልሠራችው ሥራ ስትመሰገን የመጀመሪያዋ እንደሆነ ነግራኝ ተሳሳቅን።

እናቴ መጀመሪያ ብዙም አልተደሰተችም። ባሏ በጣም ታማሚ ነው መባሉ ከነከናት፤ አንድ ሳምንት ያህል ፊቷ ጠቁሮ ሰነበተ። ኋላ ግን ከተመለሰው ገንዘብ ላይ አንድ ነገር እንድገዛላት አዘዘችኝ፤ ወደ ኋላ የሚንጋለል፣ እግር ማሳረፊያ ያለው ሰፊ ወንበር። ከአባቴ አልጋ ጎን አስገባነው። አሁን ከምሳ በኋላ ስሄድ ብዙ ጊዜ ሁለቱም እንቅልፍ ወስዷቸው አገኛቸዋለሁ፤ እሷ አፏን ከፍታ ታንኮራፋለች፣ የእሱ እጅ የወንበሩ መደገፊያ ላይ ነው። ካፖርቴን ሳላወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ እስኪነቁ እጠብቃለሁ።