ጆርዳን ከበለጠ

የሐይቅ ከተማው ባጃጅ ነጂ ሀምዳን የሚፈራው ነገር ብዙ አልነበረም። መብረቅ አይፈራም። ትራፊክ ፖሊስ አይፈራም። ክረምት ላይ የደሴ ወልድያውን መንገድ ጭጋግ ሲውጠው እንኳ መብራቱን አብርቶ እያፏጨ ይነዳል። የገዛ ምላሱን ግን ይፈራ ነበር፤ መፍራቱም ያለ ምክንያት አልነበረም።

ያ ምላስ ትዳሩን ሁለት ጊዜ አፍርሶበታል። የመጀመሪያው በተጋቡ በዓመቱ ነው። ሚስቱ ኢንሳፍ ሳትነግረው ውጫሌ ወንድሟ ዘንድ ሄዳ አደረች፤ ስትመለስ በር ላይ ቆሞ ጠበቃትና «ፈትቼሻለሁ» አላት። ሁለተኛው ኢንሳፍ ከመናኸሪያው አጠገብ የዓሣ ጥብስ ቤት በከፈተች ጊዜ ነው። አላፊ አግዳሚው ሚስቴን ያይብኛል ብሎ ተንጨረጨረና ያችኑ ቃል ደገማት። ሁለቱንም ጊዜ ቁጣው ሲበርድ እንባው ቀደመው፤ ሽማግሌ ልኮ፣ የመጠበቂያው ጊዜ ሳያልቅ መለሳት። ታዲያ በሁለተኛው ዕርቅ ላይ ሸህ አብዱልከሪም ጣታቸውን ቀስረው፣ «ልጄ፣ የቀረችህ አንዲት ናት። ሦስተኛ ካልካት መመለስ የለም፤ ሐራም ትሆንብሃለች። አፍህን ጠብቅ» አሉት።

ጠበቀ። ዓመታት ጠበቀ። ሲቆጣ ውኃ መጠጣት፣ ሲበሽቅ ከቤት መውጣት ለመደ። ጎረቤቱ ሁሉ «ሀምዳን ሰው ሆነ» አለ። ከዚያ በኋላ በአንድ ማክሰኞ ጧት፣ አይቶት በማያውቀው፣ የሀምዳንን ስም እንኳ ሰምቶ በማያውቅ አሜሪካዊ ምክንያት ያን ሁሉ ጥንቃቄ ሜዳ ላይ በተነው።

ነገሩ የቅርጫት ኳስ ነው። ሀምዳንና ወንዱ የሚባለው ጓደኛው አብሮ አደጎች ናቸው። በትምህርት ቤታቸው ሜዳ፣ መረብ በሌለው ብረት ላይ እየዘለሉ ነው ያደጉት፤ አሁን ሁለቱም ባጃጅ ይነዳሉ፣ ሁለቱም ሆዳቸው ገፋ ብሏል፣ የወሬ ጉልበታቸው ግን አልቀነሰም። ወንዱ የሚምለው በማይክል ጆርዳን ነው። የባጃጁ ጀርባ ላይ እግሩን ከፍቶ አየር ላይ የተንሳፈፈ ጆርዳን ተለጥፏል። ሀምዳን ደግሞ የሌብሮን ጄምስ ወገን ነው። ተሳፋሪ ሲጠፋ ሁለቱን ነካ ነካ አድርጎ ማጋጠም የባጃጅ ተራው ሰው ጨዋታ ነበር። በጨዋታው ትዳር ይፈርሳል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

«ስድስት ጊዜ ለፍጻሜ ደረሰ፣ ስድስቱንም ዋንጫ በላ!» አለ ወንዱ ያን ጧት። «ያንተው ስንት ጊዜ ደርሶ ስንት ጊዜ ተሸነፈ? ንገራቸው እንጂ፣ ምን ያቅለሰልስሃል?»

«ነጥብ ቁጠራ!» አለ ሀምዳን። «ከሱ በላይ ያስቆጠረ አለ? አርባ ዓመት አልፎት ይኸው እስካሁን ይጫወታል።»

«ሂድ ወዲያ! ልብህ መቼ ሌብሮን ሆነና!» ወንዱ ወደ ተሰለፈው ሰው ዞረ። «እዩት ይሄን! ተማሪ እያለን የጆርዳንን ፎቶ ከጋዜጣ ቆርጦ አልጋው ራስጌ የለጠፈ እሱ ነው። ለኔ ጆርዳንን ያስተዋወቀኝ እሱ ነው! እኔ ጆርዳን ስል እልህ ይዞት ሌብሮን አለ። አፉ ነው ሌብሮን፣ ልቡ ጆርዳን ነው!»

ተራው በሳቅ አውካካ። ሸንኮራ ተሸክመው የቆሙ ገበያተኞች እንኳ ሳቁ። የሀምዳን ጆሮ ጋለ። ውኃ አልጠጣም፤ ዞርም አላለም።

«ጆርዳን ከሌብሮን ከበለጠ ኒካዬ ይፍረስ!» ብሎ ጮኸ። «ኢንሳፍ የተፈታች ትሁን!»

ሳቁ ባንዴ ቆመ። በወንዱ ባጃጅ ውስጥ የተቀመጡ አንዲት ባልቴት «አዑዙ ቢላህ!» ብለው አፋቸውን ያዙ። «ምነው ልጄ፣ በኳስ?»

ወንዱ ክርስቲያን ቢሆንም ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ያደገ የወሎ ልጅ ነው፤ የተባለው ምን እንደሆነ አልጠፋውም። ፊቱ አመድ መሰለ። «ምን አልክ አንተ? በል መልሰው» አለ ቀስ ብሎ።

«ይመለሳል እንዴ?» አለ ሀምዳን። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ሆኖ ተሰማው። የባጃጁን ብረት ያዘ። ሦስተኛው ነው። ሦስተኛው ነው፣ ሦስተኛው ነው፤ ሌላ ነገር አእምሮው ውስጥ አልገባ አለ። «ወንድሞቼ፣ በአላህ ይሁንባችሁ፣ ኢንሳፍ ጆሮ እንዳይደርስ» ብሎ ለመናቸውና ባዶውን ባጃጅ አስነስቶ ሄደ።

ወትሮ ምሳውን የሚበላው ኢንሳፍ ዘንድ ነው። ያን ቀን በመናኸሪያው በኩል ሲያልፍ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ጭልፋዋን ይዛ እንደ ልማዷ ና ብላ ጠቀሰችው። ሀምዳን አንገቱን አዞረ። ሚስቴ ከሆነች ምን ሆኖ ነው ያላየኝ ትላለች። ሚስቴ ካልሆነች ደግሞ እንዲያ አድርጋ ልትጠራኝ፣ እኔም እንዲያ አድርጌ ላያት አይገባም። ባል ነኝ? ባዕድ ነኝ? ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ምን ይባላሉ? አባታችሁ በቅርጫት ኳስ እናታችሁን ፈታ ይባላል? ይህን እያሰበ ባጃጁን ወደ ሸህ አብዱልከሪም ቤት አዞረ።

ሸህ አብዱልከሪም የሚኖሩት በግሸን መንገድ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ አምባሰል ውስጥ ነው። ባጃጁ እስከቻለ ሄደና የቀረውን በእግሩ ወጣ። ሸሁ ግቢያቸው ውስጥ ከዛፍ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሀምዳን ጉልበታቸው ሥር ወድቆ የሆነውን ሁሉ ዘረገፈ።

ሸሁ እስከ መጨረሻው ሰሙት። ቀጥለው፣ «እነዚህ ሁለት ሰዎች ሙስሊም ናቸው?» አሉ።

«አይደሉም አባዬ።»

«ዘመዶችህ ናቸው?»

«አይደሉም።»

«ያውቁሃል?»

«ኧረ የት አውቀውኝ!»

«አጂብ!» አሉ ሸሁ ተገርመው። «መቼም የመጣ ነገር ነው። ሁለቱ ፊት ለፊት ተጋጥመው ያውቃሉ?»

«አያውቁም። አንዱ ሲወጣ ነው ሌላው የገባው።»

«ማን እንደሚበልጥ የሚፈርድ ዳኛ አላቸው?»

«የላቸውም አባዬ። ዓለም ሁሉ ሲጨቃጨቅበት ነው የሚውለው።»

«በዕድሜ ትልቁስ፣ አሁንም ይጫወታል?»

«የለም። ሁለት ጊዜ ተወው፣ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። ሦስተኛው ላይ ቀረ።»

ሸሁ ቀና ብለው አዩት። ሀምዳንም ከአፉ የወጣውን ሰማው።

«እንግዲህ ስማ» አሉ ሸሁ። «ኒካህ በእርግጠኝነት የታሰረ ነገር ነው፤ በጥርጣሬ አይፈታም። ከሁለቱ ማን እንደሚበልጥ እኔም አላውቅ፣ አንተም አታውቅ፣ ዳኛም የለው። በማይታወቅ ነገር ሚስትህን አላስፈታህም።»

ሀምዳን እያለቀሰ እጃቸውን ሊስም ጎነበሰ። ሸሁ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። ጥርጣሬው የኔ ነው። ያንተስ? ስትምል ልብህ ሌብሮን ይበልጣል ብሎ አምኖ ከነበረ፣ ወይም ቁርጡን ሳያውቅ ከነበረ፣ አብሽር፤ ሚስትህ ሚስትህ ናት። ልብህ ጆርዳን ይበልጣል እያለ ምላስህ ከማለ ግን፣ ባንተ ዘንድ ነገሩ እርግጥ ነው። በራስህ ላይ ፈርደሃል።»

ያ ፎቶ ሀምዳን ዓይን ላይ መጣ። አልጋው ራስጌ፣ ግድግዳው ላይ፣ ጥግ ጥጉ የተቀደደው የጋዜጣ ፎቶ።

«እንዴት አውቃለሁ አባዬ?»

«ለኔ ሌብሮን ነበር ብትለኝ አልፈረሰም እልሃለሁ። ዋሽተህ ከሆነ ግን ዕድሜህን ሙሉ ሐራም ላይ የምትኖረው አንተ ነህ። የሰው ልብ ለኔ አይታየኝም። ሂድና ለኢንሳፍ ንገራት። ልብህን የሚያውቅ ሰው ካለ እሷ ናት።»

ቁልቁለቱን ሲወርድ ሀምዳን ከራሱ ጋር ተሟገተ። ሌብሮን ይበልጣል፣ ሌብሮን ይበልጣል እያለ ደጋገመው። በደጋገመው ቁጥር ግን ያ ጆርዳን ከግድግዳው ተነሥቶ ይዘልላል። ለማመን ሞከረ፤ ፈርቶ ለማመን መሞከር ደግሞ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። ይባስ ብሎ ኢንሳፍ ውሸቱን ከፊቱ ታነብበዋለች። ከተጋቡበት ዕለት ጀምሮ አንድም ቀን ሸውዷት አያውቅም።

መናኸሪያው ሲደርስ የወንዱ ባጃጅ ከዓሣ ጥብስ ቤቱ ፊት ቆማለች። ጀርባዋ ላይ ጆርዳን የለም። ተልጦ ሙጫው ብቻ ቀርቷል። ወንዱ ሮጦ ወጣና ክንዱን ያዘው።

«አብሽር፣ ነገርኳት» አለ እያለከለከ።

«ምኑን?»

«ሌብሮን እንደሚበልጥ! እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፣ ጆርዳንን ትቻለሁ፣ ስለዚህ አልተፈታሽም፣ አትፍሪ አልኳት። በግሸን ማርያም ምዬ ነገርኳት።» ከዚያ ዓይኑን ሰበረ። «ለካ ምንም አልሰማችም ነበር።»

ሀምዳን ግድግዳውን ይዞ ገባ። ኢንሳፍ ከምድጃዋ ኋላ ተቀምጣለች። እሳቱ ጠፍቷል፤ ዘይቱ ረግቷል፤ ያልተጠበሰው የቆሮሶ ዓሣ ሳህን ላይ እንደተደረደረ ነው። ስታየው ተነሣች።

«ምን ልታዘዝ ጌታው?» አለችው።

«ኢንሳፍ...» አለ ሀምዳን።

«ባዕድ ከሆኑ እንደ ባዕድ ላናግርዎ ብዬ ነው። ባል ይኑረኝ አይኑረኝ ሳላውቅ ነው የዋልኩት። ጧት ከቤት ስወጣ ባለትዳር ነበርኩ። ከዚያ ወንዱ መጣ።» ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፤ እሷም ፈርታ እንደነበር ሀምዳን ያን ጊዜ ገባው። ቀኑን ሙሉ ለራሱ ብቻ ነበር የፈራው። «ሸሁ ጋ ነበሩ? ምን አሉ?»

አንድም ሳያስቀር ነገራት። ያልታወቀ ነገር ኒካህ እንደማያፈርስ ነገራት። ልቡ ጆርዳን ብሎ ከነበረ ግን እንዳበቃለትም ነገራት። ወንዱ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር።

«እና ሲምሉ ልብዎ ማንን ይል ነበር?» አለች።

አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። ሌብሮን ቢል ቤቱ አለ፣ ልጆቹ አሉ፣ ኢንሳፍ አለች። ቃሏ ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰች። ሀምዳን ግን ያን ምላስ ያውቀዋል። ጥርሱን ነከሰና በሐሳቡ ጧት ወደቆመበት ቦታ ተመልሶ ልቡን ፈተሸ።

«ወላሂ ልንገርሽ» አለ በመጨረሻ። «ጆርዳን አልነበረም። ሌብሮንም አልነበረም። ማን ይበልጣል የሚለውን እንኳ አላሰብኩትም። ወንዱ ሲስቅ ብቻ ነበር የታየኝ። ያን ሳቅ ማቆም ነበር የፈለግኩት። ሌላ ምንም አልነበረም።»

ኢንሳፍ ፊቱን መረመረች።

«እውነትህን ነው» አለች። «እንግዲያ እንደ ሸሁ ቃል ኒካው አለ።»

«እመቤቴ ተመስገን!» አለ ወንዱ ከበሩ። ሀምዳን «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ፤ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ። ኢንሳፍ ምድጃዋን ለኮሰች። ወንዱ ነገሩ በሁለቱ መካከል እንዳላለቀ ገባውና ባጃጁን አስነስቶ ሄደ።

«እጅህን ታጠብ» አለችው። ታጠበ። ዓሣውን ጠብሳ ፊቱ አስቀመጠችለት። ከዚያ ሥራ አለብኝ ሳትል፣ ጭልፋዋን አኑራ፣ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። እንዲህ ሲበላ አብራው ከተቀመጠች ዓመታት ሆኗታል።

«ጆርዳን አልነበረም አልክ» አለች። «ሌብሮንም አልነበረም። ወንዱ ነበር።»

«አዎ።»

«እኔስ? የተማለብኝ እኔ፣ ልብህ ውስጥ ነበርኩ?»

የሀምዳንን ትዳር ያዳነው መልስ «ሌላ ምንም አልነበረም» የሚለው ነበር፤ ያ ማለት ደግሞ እሷም አልነበረችም።

«ብላ» አለችው። «ስትጨርስ ትመልስልኛለህ።»

ከጧት ጀምሮ የፈራው ኢንሳፍን ማጣት ነበር። አሁን ፊት ለፊቱ ተቀምጣ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ስትጠብቀው፣ ከጧቱ የባሰ ፈራ። ዓሣው እስኪቀዘቅዝ ድረስ አልነካውም።