እሁድ ወርዶ ረቡዕ የሚወጣ ግፊት

ሲስተሯ መለኪያውን ከአባቴ ክንድ ላይ ፈታችና "ዛሬም አይሆንም" አለች። የላይኛው መቶ ሰማንያ ስምንት፣ የታችኛው መቶ አራት። በዚህ የደም ግፊት ዓይን አይነካም፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። ስንባረር ሁለተኛ ጊዜያችን ነው። አባቴ የሸሚዛቸውን እጅጌ ማውረድ ጀመሩ፤ የቁልፉን ቀዳዳ ስለማያዩት በጣታቸው እየዳበሱ ፈለጉት። እኔ ግን ዝም የምል ሰው አይደለሁም። ወረፋ የያዘው ሁሉ እየሰማ "መለኪያችሁ ነው የተበላሸው!" አልኩ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቦሌ ሚካኤል ሰፍተዋል። ሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ ሲወጣ ሱቃቸውን ዘግተው፣ የስፌት መኪናቸውን አስጭነው ቡልቡላ እኔ ኮንዶሚኒየም ገቡ። መኪናዋ ሳሎን ከቲቪው አጠገብ ናት። ጠዋት ጠዋት ጨርቋን ገለጥ አድርገው ይነካኳታል፣ መልሰው ይሸፍኗታል። ሞራው ከተነሳላቸው ይሰፋሉ። ካልተነሳላቸው ግድግዳዬን እያዩ ይቀመጣሉ። ይሄን ስላቸው "ግድግዳውንስ መች አየሁት" ብለው ይስቃሉ። እኔን አያስቀኝም።

ያበገነኝ፣ ቤት ሲለኩ ደህና መሆናቸው ነው። በሳምንት ስድስት ቀን ሥራ እገባለሁ፤ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ። ስለዚህ የምለካቸው እሁድ፣ ከቸርች ስመለስ ነው። ደግሞ እንደ ነገሩ አይደለም የምለካው። መጀመሪያ ጀርባቸውን ተደግፈው፣ እግራቸው ሳይነባበር መሬት ረግጦ አምስት ደቂቃ ያርፋሉ። ክንዳቸው ጠረጴዛው ላይ በልባቸው ትክክል ይሆናል፣ ወሬ የለም። ሁለቴ ለክቼ እጽፈዋለሁ፤ መቶ ሠላሳ ስምንት በሰማንያ አራት፣ መቶ አርባ በሰማንያ ስድስት። ታዲያ እሁድ የወረደ ግፊት ረቡዕ ምን ሰቀለው? ሆስፒታሉ ሞራ የሚያነሳው ደግሞ ረቡዕ ብቻ ነው። መጀመሪያ የሆስፒታሉን ደረጃ መውጣታቸውን ጠረጠርኩ፣ ቀጥሎ ጨውን። ሽሮው ላይ ጨው ስቀንስ "ይሄ ሽሮ ነው ጭቃ?" አሉኝ።

የኮሌስትሮሉ ውጤት ደግሞ ጭራሽ አዘናጋን። ከሑዳዴ በፊት መጥፎው የሚባለው ኮሌስትሮል ከፍ ብሎ ነበር። በጾሙ አጋማሽ ስናስመረምር ወርዶ ተገኘ። አባቴ ማንበብ ያልቻሉትን ወረቀት እያውለበለቡ "አየሽ! ጾሙ ጠራርጎ ወሰደው!" አሉ። እሰየው ብዬ አለፍኩት።

ያለፍኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ ጴንጤ ነኝ። ከቤተ ክርስቲያን የወጣሁ ጊዜ አባቴ አንድ ዓመት ሙሉ አኩርፈውኛል። ከታረቅን ወዲህ ማንም ባያስምለንም ስለ ጾምና ስለ ቸርች ቤታችን ውስጥ አይነሳም። የጾም ወጣቸውን ሠርቼ፣ መድኃኒታቸውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ እወጣለሁ። በስንት ሰዓት እንደሚበሉ ጠይቄ አላውቅም።

ሦስተኛው ቀጠሮ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሰኞ ዕለት ጉንፋን ጥሎኝ ከሥራ ቀረሁ። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አራት ሰዓት ሆነ፤ የመድኃኒቱ ፍሬ ካስቀመጥኩበት አልተነሳም።

"አባባ፣ መድኃኒቱን አልዋጡም እንዴ?"

"ጠዋት ከቁርስ በኋላ ነው የተባለው።"

"እና?"

"ቁርስ የታለና? ሑዳዴ ነው እኮ።"

አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ለካ ከሰኞ እስከ አርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም፤ ለጠዋት የታዘዘውን ከሰዓት መዋጥ ደግሞ ፈርተዋል። ቅዳሜና እሁድ ከጠዋት ስለሚበሉ ያኔ ይውጣሉ። እሁድ የምለካው ሁለት ቀን መድኃኒት የዋጠ ሰው ነው። ረቡዕ ሐኪም ቤት የምወስደው ሦስት ቀን ያልዋጠ።

"በኢየሱስ ስም! ዓይንዎን እኮ ነው የሚያጡት! ያልዋጡትን ፍሬስ የት ነው የሚያደርጉት?"

"መልሼ ዕቃው ውስጥ ነዋ። ይጣላል እንዴ?"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"አልጠየቅሽኝማ" አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። 

በማግስቱ ሰፈራችን ያለው ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ ገና ሳይቀመጡ "አባቴ፣ አሁን ጾም አይደል? ስንት ሰዓት ነው የሚበሉት?" አለቻቸው። አፈርኩ። እኔ በስንት ወር ያልጠየቅኩትን ባዕድ ሰው በአንድ ደቂቃ ጠየቀች። ጾሙ ቅቤና ሥጋ ስለሌለበት ኮሌስትሮሉን ረድቶት ይሆናል፣ ግን ፋሲካ አልፎ ዶሮው ሲመጣ ሊመለስ እንደሚችል ነገረቻቸው። ግፊቱ ግን መድኃኒቱን በየቀኑ ይፈልጋል፤ ደህና ነኝ ተብሎም አይቋረጥም። የመድኃኒታቸውን ዓይነት አይታ "ማታ ከራት በኋላ ያድርጉት፣ ራት በጾምም አለ" አለች። አባቴ ሳቁ። የዚያን ረቡዕ ቀጠሮ እኛው ራሳችን በሁለት ሳምንት አስተላለፍነው።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ከመውጣቴ በፊት ለካኋቸው። ቁጥሩ ቶሎ አልወረደም፤ እሁድ እለካ የነበረው ከዋጡ ብዙም ሳይቆይ ነው፣ አሁን ግን አንድ ሌሊት አድሮበት፤ የመጀመሪያው ሳምንት መቶ ስልሳዎቹ ውስጥ ዋለ፣ እኔም ነገር ፍለጋ ሐኪሟ ጋ ልሄድ አምሮኝ ነበር። ማታ ማታ ክንዳቸውን ይዤ ግቢውን እንዞራለን። በሁለተኛው ሳምንት ረቡዕ፣ ያቺው ሲስተር ለክታ "መቶ ሠላሳ ስድስት በሰማንያ ሁለት፣ ይግቡ" አለች። እዚያው አግዳሚው ላይ አለቀስኩ።

ቀኝ ዓይናቸው ነበር የተሠራው። በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ ፊት ለፊታቸው ቆሜያለሁ። ፊቴን የሚያዩ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። እሳቸው ግን ዓይናቸውን እያርገበገቡ ቀሚሴን ከላይ እስከ ታች አዩትና ጫፉ ላይ ቀሩ። ሱቃቸውን ከመዝጋታቸው በፊት መጨረሻ የሰፉልኝ ቀሚስ ነው። በአንድ በኩል ሁለት ጣት ያህል ያጥራል፣ ስፌቱም ጠማማ ነው። ሲሰጡኝ ያምራል ብያቸው፣ ቸርችም ሥራም ለብሼው ስሄድ ኖሬያለሁ።

"ይሄን እኔ ነኝ የሰፋሁት?"

"እርስዎ ነዎት፣ አባባ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

ያጠረውን ጎን ወደ ታች ሳብ አደረግኩት። ፋሻውን ያነሳችው ሲስተር ነገሩ ስላልገባት ማዘዝ ጀመረች፦ ጠብታው በሰዓቱ ይደረግ፣ ውሃ እንዳይነካው፣ ጎንበስ አይበሉ፣ ለአንድ ወር መርፌና ክር የሚባል ነገር አይያዝ።

"አንድ ወር?" አሉ አባቴ፣ የቀሚሴን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ይዘው። "ልጄ እንዲህ ሆና አንድ ወር ትዙር?"